ከቀዶ ሕክምና ወሊድ በኋላ የሚሰማ የወገብ ሕመም፦ መርፌው ወይስ ሸክሙ?

በቀዶ ሕክምና የተገላገለች እናት ወገቧን ባመማት ቁጥር ቤተሰቡም ሆነ ጎረቤቱ ምክንያቱን ለመፈለግ ሩቅ አይሄድም። "የወገብ መርፌው ነው" ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ይህ እምነት የአንድ አካባቢ ብቻ አይደለም፤ በአዲስ አበባም በአውሮፓም እናቶች ለዓመታት ሲነጋገሩበት የኖሩት ጉዳይ ነው። ይሁንና እንደ ከሚሴ ዙሪያና እንደ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የገጠር ቀበሌዎች የሴት ወገብ ውኃውንም፣ እንጨቱንም፣ ልጁንም በሚሸከምበት ስፍራ እምነቱ ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛው፣ ቀዶ ሕክምና የግድ በሚሆንበት ሰዓት እናቲቱ ወይም ቤተሰቧ መርፌውን ፈርተው ፈቃዳቸውን ለመስጠት ይዘገያሉ። ሁለተኛው ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ በመርፌው ስለሚላከክ ወገቡን በእርግጥ እየጎዳ ያለው ነገር ሳይነካ ይቀራል።

ለመሆኑ መርፌው ምንድን ነው? በአገራችን ሆስፒታሎች ለቀዶ ሕክምና ወሊድ በብዛት የሚሰጠው ማደንዘዣ ስፓይናል የሚባለው ነው። እናቲቱ ተቀምጣ ወይም በጎኗ ተኝታ ጀርባዋን እንድታጎብጥ ይደረጋል። ባለሙያው በሁለቱ የዳሌ አጥንቶች ጫፍ መካከል በሐሳቡ መስመር እየሳበ፣ በታችኛው የወገብ አጥንቶች መካከል ያለውን ክፍተት በእጁ ፈልጎ በቀጭን መርፌ ጥቂት መድኃኒት ይሰጣል። መድኃኒቱ የሚገባው በአከርካሪው ውስጥ ባለው ፈሳሽ ነው። ብዙዎችን የሚያስፈራው "መርፌው ሰረሰሬን ይወጋዋል" የሚለው ሐሳብ ነው። በአዋቂ ሰው ግን ሕብለ ሰረሰር የሚያበቃው በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ሲሆን መርፌው የሚገባው ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ነው። በዚያ ስፍራ ያሉት በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉ የነርቭ ክሮች ናቸው። መድኃኒቱ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓታት ከወገብ በታች ያለውን አካል ካደነዘዘ በኋላ ይለቃል፤ እግርም ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ኢፒዱራል የሚባለው ሌላው ዓይነት ነው። መርፌው ወፈር ያለ ሲሆን የአከርካሪውን ፈሳሽ ከያዘው ሽፋን ውጭ ይቆማል። በመርፌው በኩል ቀጭን ቱቦ ይገባና መድኃኒቱ በየጊዜው ይጨመራል። የምጥን ሕመም ለማስታገስ በሌሎች አገራት በሰፊው የሚሠራበት ሲሆን በአገራችን ገና አልተስፋፋም። ስለዚህ ከሚሴም ሆነ ደሴ ላይ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት የምታስታውሰው መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭኑ ነው።

መርፌው የተወጋበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ሊቆረቁር ይችላል። ጡንቻ ተወግቷልና ይህ አያስገርምም፤ ክንድም ክትባት ሲወጋ ያመዋል። ጥያቄው ለወራትና ለዓመታት የሚዘልቀው ሕመም ከዚህ መርፌ የመጣ ነው ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ጥርጣሬ መነሻ ከሆኑት አንዱ በ1990 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ ከ11 ሺሕ በላይ እናቶች ላይ የተደረገ ጥናት ነው። እናቶቹ ከወለዱ ዓመታት ካለፉ በኋላ ተጠይቀው፣ ኢፒዱራል የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ የወገብ ሕመም እንደበዛባቸው ተናገሩ። ወሬው ከዚያ በኋላ በዓለም ተዳረሰ። ነገር ግን በዚያው ጥናት ውስጥ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር ነበር፤ ምጥ ሳይጀምራቸው በቀጠሮ በቀዶ ሕክምና በወለዱት እናቶች ዘንድ ይህ ልዩነት አልታየም። መርፌው ራሱ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ በእነርሱም ላይ በታየ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ሴቶቹን ከወሊድ በፊት ጀምረው የተከታተሉ ናቸው። በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቦስተን በወጣ ጥናት ከወሊድ ሁለት ወር በኋላ ኢፒዱራል ከወሰዱት እናቶች ከመቶ 44ቱ፣ ካልወሰዱት ደግሞ ከመቶ 45ቱ ወገባቸውን ያማቸው ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር 369 እናቶች በዕጣ ተከፍለው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይተው ሲጠየቁም በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። በ2018 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ተቋም ከ11 ሺሕ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች መርምሮ የደረሰበት መደምደሚያ ይኸው ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ይልቅ ሊተኮርበት የሚገባው የቦስተኑ ጥናት ያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ መርፌ የነካትም ያልነካትም፣ ከወለደች ከሁለት ወር በኋላ ግማሽ ያህሏ እናት ወገቧን ያማታል። ሕመሙ እውነት ነው፤ የተሳሳተው ሥሩ የተፈለገበት ቦታ ነው።

ሥሩ የሚጀምረው ከእርግዝና ነው። ከብት የሚያረባ ገበሬ ላም ለመውለድ ስትቃረብ በጭራዋ ሥር ግራና ቀኝ ያለው ስፍራ እንደሚጎደጉድና ጅማቷ እንደሚላላ ያውቃል፤ መውለጃዋ መቅረቡን የሚለየውም በዚያ ነው። ንጽጽሩ ነውር አይሁንና በሴት ልጅም ሰውነት ተመሳሳይ ሥራ ይከናወናል። ለእርግዝና በሚዘጋጁ ሆርሞኖች ምክንያት የዳሌና የወገብ መጋጠሚያዎችን የሚይዙት ጅማቶች ይላላሉ። ሆዷ ወደ ፊት ሲገፋ ሚዛኗን ለመጠበቅ ወገቧ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የሆድ ጡንቻዎች ይለጠጣሉ፤ በብዙዎች ዘንድ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። የሆድ ጡንቻ ደግሞ ወገብን ከፊት በኩል ደግፎ የሚይዝ ምሰሶ ነው። ልጁ ስለተወለደ ብቻ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ቦታው አይመለስም፤ ወራት ይወስዳል።

ቀዶ ሕክምናው በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። ቆዳው፣ ስቡ፣ ጠንካራው የሆድ ሽፋንና ማሕፀኑ ተከፍተው ይሰፋሉ፤ ጡንቻዎቹም ወደ ግራና ቀኝ ይገለጣሉ። ቁስሉ ስለሚያማት አራሷ ሆዷን ይዛ፣ ጎብጣ ትሄዳለች፤ ጎንበስ ብላ ታጠባለች፤ ሆዷን ላለማስጨነቅ ሥራውን ሁሉ በወገቧ ትሠራዋለች። ደካማ ሆድ በሠራው ዕዳ ወገብ ከፋይ ይሆናል ማለት ነው።

ከዚያም ቤቷ ትገባለች። የአራስነት አርባ ቀን በእስላሙም በክርስቲያኑም ዘንድ የታወቀ ባህል ነው፤ ገንፎውና አጥሚቱ፣ የጎረቤት ጥየቃው፣ ከባድ ሥራ አለመንካቱ ለሰውነት የሚበጅ ጥበብ አለው። ችግሩ የሚመጣው አርባው ቀን ሲያልቅ፣ በብዙ ቤት ደግሞ ከማለቁም አስቀድሞ ነው። እናት ስለሌላት፣ እህት ስለራቀች ወይም የመኸር ሥራ ስለደረሰ አራሷ ቶሎ ትነሣለች። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች ወይም ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ከወሊድ በኋላ የ90 ቀናት ፈቃድ በሕግ ተሰጥቷታል። በደዌ ሃረዋም ሆነ በአርጡማ ፉርሲ ማሽላ ለምትጠብቅ፣ ፍየል ለምታግድ ወይም የባቲ የሰኞ ገበያ ለማይቀርላት እናት ይህን ፈቃድ የሚሰጣት ቤተሰቧ ብቻ ነው።

ሸክሙን በቁጥር ማየት ይበጃል። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ ከሕፃኗ ክብደት የበለጠ ነገር እንዳታነሣ ትመከራለች፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ በአማካይ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ጄሪካን ማንሣት ከሚፈቀድላት ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ያንኑ ጄሪካን በገመድ በጀርባዋ አስራ ዳገት ስትወጣ፣ በማግሥቱ ማገዶ ስትጭን፣ ሲመሽ መሬት ላይ በተጎለተ ምድጃ ፊት ተጣጥፋ ስትጋግር፣ በመካከሉ ልጇን በአንቀልባ ስታዝል፣ ወገቧ ባያማት ይገርም ነበር። መርፌው የተወጋው አንድ ጊዜ ነው፤ ጄሪካኑ ግን በየቀኑ ይነሣል።

ከዚህ የሚከተለው ለባሎች ደስ ላይል ይችላል። ለወገብ ሕመሙ ዋነኛው ሕክምና የሚገኘው በቤት ውስጥ በሥራ ክፍፍል ነው። ውኃ መቅዳትና እንጨት ማምጣት ቢያንስ ለስድስት ሳምንታት፣ ቢቻል ለሦስት ወራት የሌላ ሰው ሥራ መሆን አለበት። አህያ ያለው ይጫን፤ በከሚሴ ከተማ ያለ ጋሪ ወይም ባጃጅ ይጠቀም። ጎረቤትና ቅሬው ለኀዘን እንደሚደርሱ ለአራስም በውኃ ተራ ሊደርሱላት ይችላሉ። የግድ ራሷ መቅዳት ካለባት ባለ 5 ሊትር ዕቃ ይዛ ሁለትና ሦስት ጊዜ መመላለስ አንድ ጊዜ ሃያውን ከመሸከም ይሻላል። ምድጃውን በድንጋይና በጭቃ እስከ ወገብ ከፍታ ማሳደግ ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ ሆኖ ለዓመታት የሚያገለግል ነው፤ ብዙ ገንዘብ ስለማይጠይቅም ከተወለደው ልጅ በፊት ሊዘጋጅ የሚችል የአራስ ስጦታ ነው።

እናቲቱ ራሷ የምታደርጋቸው ነገሮችም አሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ በሰው ተደግፎ መነሣትና ጥቂት መራመድ ይመከራል፤ ለደም ዝውውርም ለወገብም ይጠቅማል። ከአልጋ ስትነሣ ቀጥ ብሎ ከመነሣት ይልቅ ጉልበትን አጥፎ ወደ ጎን መገልበጥ፣ እግርን ወደ ታች ማውረድና በእጅ ገፍቶ መቀመጥ የሆዱንም ስፌት የወገቡንም ጡንቻ ያሳርፋል። ስታስል ወይም ስትስቅ ቁስሉን በታጠፈ ጨርቅ ደገፍ ማድረግ ሕመሙን ይቀንሳል። ስታጠባ ጀርባዋ ግድግዳ ላይ ወይም በታጠፈ ጋቢ ላይ ተደግፎ፣ ሕፃኑ በትራስ ከፍ ብሎ ወደ ጡት ይምጣ፤ ጡቱን ይዞ ወደ ሕፃኑ መጎንበስ ወገብን ይጎዳል። በቀን ውስጥ ስምንትና አሥር ጊዜ የሚደጋገም ነገር ስለሆነ ይህ እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም። ሌሊት በጎን ተኝቶ በጉልበቶች መካከል ትራስ ወይም የተጠቀለለ ነጠላ ማድረግ ይረዳል።

ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ሕመሙ ሲፈቅድ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይጀመራል። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ አየር ወደ ውጭ እያስወጡ እምብርትን ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መሳብና እስከ አምስት ቆጥሮ መልቀቅ አንዱ ነው። በዚያው አተኛኘት ወገብን ወደ ወለሉ ተጭኖ ማለስለስ ሌላው ነው። ሽንትን እንደ መቋጠር አድርጎ የታችኛውን ጡንቻ ማጥበቅና መልቀቅ ሦስተኛው ነው፤ ይህ ግን ሽንት በሚሸናበት ሰዓት አይደረግም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፣ ሳያስጨንቁ መሥራት ይበቃል። በእግር መሄድም ከሁሉ የቀለለ መድኃኒት ነው፤ ስለዚህ "ወገቤን ስላመመኝ ለወራት ልተኛ" ማለት ጡንቻውን ያደክማል እንጂ አያድነውም። ሸክም ይቀነሳል እንጂ እንቅስቃሴ አይቀነስም።

ለብ ባለ ውኃ የተነከረና የተጨመቀ ጨርቅ ወገብ ላይ ማድረግ ያስታግሳል። ወገብን በመቀነት ማሰር ለጥቂት ሳምንታት ድጋፍ ሊሰጥ ይችላል፤ እስትንፋስ እስኪያሳጥር ወይም ቁስሉን እስኪፈትግ መጠፍነግ ግን አይገባም። ወገብን በእጅ ቀለል አድርጎ ማሸት ጉዳት የለውም። ወጌሻ ጠርቶ ሆድን ማሸት፣ ወገብን መሳብና ማስረገጥ ግን በተለይ ስፌቱ ባልጠናበት ጊዜ አደገኛ ነው። የወይባ ጢስም ቢሆን ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይሞቅም፤ ላብና ሙቀት እርጥብ ቁስልን ለማመርቀዝ ያጋልጣልና። ከመድኃኒት ፓራሲታሞል ለምታጠባ እናት ይሆናል፤ አይቡፕሮፌንም ቢሆን ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ለሌለባት በምግብ ላይ በባለሙያ ትእዛዝ ሊወሰድ ይችላል። ከመድኃኒት መሸጫ በራስ ፈቃድ መርፌ እያስወጉ መሰንበት ግን አይመከርም።

መርፌው በእርግጥ የሚያስከትለው አንድ ሕመም አለ፤ እርሱም የራስ ምታት ነው። በመርፌው ቀዳዳ የአከርካሪው ፈሳሽ ጥቂት ሲያንጠባጥብ ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት የሚነሣ፣ ስትቀመጥ ወይም ስትቆም የሚብስ፣ ስትተኛ የሚቀል የራስ ምታት ይመጣል። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1898 እ.ኤ.አ. ይህን ማደንዘዣ የጀመረው ጀርመናዊው ሐኪም አውግስት ቢር ዘዴውን በራሱና በረዳቱ ላይ ሞክሮ ሁለቱም በራስ ምታት ተሠቃይተዋል። ዛሬ መርፌው ስለቀጠነ ችግሩ ቀንሷል። ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ በዕረፍት፣ በፈሳሽና በማስታገሻ ይሻላል፤ ቡናም ሊያግዝ ይችላል። የበረታ ከሆነ ሆስፒታል ሕክምና አለው። ይሁንና ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የራስ ምታት ሁሉ ከመርፌው ነው ማለት ስሕተት ነው። ዓይን ማጭበርበር፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ወይም ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ከታከለበት ከወሊድ በኋላ የሚነሣ የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

የወገብ ሕመሙም ቢሆን ቤት ውስጥ የማይጠበቅበት ጊዜ አለ። እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ስሜት ከጠፋ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አልቆጠር ካለ ወይም ሽንት አልወጣ ካለ፣ መርፌው የገባበት ቦታ አብጦ ትኩሳት ከመጣ፣ በነርቭ አጠገብ ደም ወይም መግል መቋጠሩን ሊያመለክት ይችላል። እጅግ አልፎ አልፎ የሚገጥም ቢሆንም የሰዓታት ጉዳይ ነው። ትኩሳት ኖሮ የቀዶ ሕክምናው ቁስል ከመገለ፣ ከማሕፀን የሚወጣው ፈሳሽ ከሸተተ፣ ደም ከበዛ፣ ወይም አንድ የእግር ባት ብቻ አብጦ ካመመ እንዲሁ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። ከጎን ወደ ወገብ የሚወጋ ሕመም ከትኩሳትና ከሽንት ማቃጠል ጋር ከመጣ ደግሞ የኩላሊት መመረዝ ሊሆን ይችላል።

ለከብት አርቢው ማኅበረሰብ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ጉዳይ ብሩሴሎሲስ ነው። ላሞችን፣ ፍየሎችንና ግመሎችን የሚያስጨነግፈው ይህ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው ያልፈላ ወተት በመጠጣትና የጨነገፈ እንስሳን ፈሳሽ በባዶ እጅ በመንካት ነው። በሰው ላይ የሚታየው ምልክት የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ሕመም ነው። ለአራስ ብርታት ተብሎ ጥሬ ወተት በሚሰጥበት ቤት፣ ወራት ያለፈው የወገብ ሕመም ከትኩሳት ጋር ከመጣ መርፌውን ከመውቀስ በፊት ደሟን ማስመርመር ይገባል። በሽታው ለሳምንታት በሚወሰዱ መድኃኒቶች ይድናል፤ ወተትን ማፍላትም ይከላከለዋል። የአከርካሪ ሳምባ ነቀርሳም እንዲሁ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ሌሊት የሚብስ ሕመም፣ ክሳትና ላብ ከታየ መመርመር የግድ ነው። "ከኦፕራሲዮኑ ነው" እየተባለ ዓመት የሚያልፈው እንዲህ ያለው በሽታ ነው የሚያሳዝነው።

ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት ክትትል ማድረግ ይመከራል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ አገልግሎት፣ ቀዶ ሕክምናውን ጨምሮ፣ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። በቀበሌ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የመጀመሪያዋ ተጠያቂ ናት፤ ከዚያ ጤና ጣቢያው፣ ቀጥሎም ሆስፒታሉ ይመጣል። እናቲቱ ቋንቋዋ አፋን ኦሮሞ ከሆነ ስለ ማደንዘዣውም ሆነ ስለ ቀዶ ሕክምናው በቋንቋዋ እንዲነገራት መጠየቅ መብቷ ነው፤ ግማሹን ያልሰማችው ማብራሪያ ነው በኋላ ወሬ የሚሆነው።

መርፌውን ፈርቶ ቀዶ ሕክምናን እንቢ ማለት የሚያስከፍለው ዋጋ ከወገብ ሕመም ጋር አይወዳደርም። የተጨናገፈ ምጥ ማሕፀንን ሊቀድድ፣ ሕፃኑን ሊገድል፣ ወይም እናቲቱን ለፊስቱላ ሊዳርጋት ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በቀዶ ሕክምና የተወለዱት በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 2 ገደማ ብቻ ሲሆኑ በአዲስ አበባ ከመቶ 21 ያህል ነበሩ። የገጠሩ ችግር ቀዶ ሕክምናው መብዛቱ ሳይሆን ለምትፈልገው እናት በጊዜው አለመድረሱ መሆኑን ይህ ልዩነት ያሳያል።

አንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ለቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት ብትቆይ ማሕፀኗም ወገቧም ያገግማሉ። በማሕፀኗ ላይ ጠባሳ ስላለ የሚቀጥለውን ልጅ ቤት ውስጥ መውለድ የለባትም፤ ምጥ እስኪጀምር ሳትጠብቅ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል መቅረብ ይኖርባታል። ያን ጊዜ የቀድሞውን የመውጫ ወረቀት ይዛ ትሂድ፤ ከመርፌው በኋላ የበረታ የራስ ምታት ገጥሟት እንደሆነ፣ የወገብ አጥንት ጉዳት ወይም የመድማት ችግር ካለባት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም ማደንዘዣ ለሚሰጣት ባለሙያ አስቀድማ ትንገር።